ሦስት ጊዜ መልሼ የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፤ ወለሉ ገለባ ገለባ ይሸታል። ጥግ ላይ አንዲት ጎልማሳ ሴት ተቀምጣለች። በድንበር ጠብ ጎረቤቷን ፈንክታ ነው የገባችው።

«እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ማንን ፈነከቱ?»

«ማንንም። ጽፌ ነው።»

«ምን? ክታብ?»

በታሰርኩበት ዋዜማ በቀበሌው የበጀት ውይይት ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ተምሬያለሁና ቃለ ጉባኤ ያዥ ተባልኩ። ሕዝቡ ወንዙ ላይ ድልድይ ይሠራልን አለ፤ ክረምት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ መጥታ ወንዝ ዳር ትቀራለች። ኃላፊዎቹ ይዘው የመጡት ግን የመሰብሰቢያ አዳራሽ ነበር። ሲመሽ ሰብሳቢው «ተስማምተናል?» አለ። ሰው ከብቱ ውጭ ነውና ለመሄድ ቸኩሎ አጨበጨበ። እኔም «ተጨበጨበ» ብዬ ጻፍኩ እንጂ «ጸደቀ» አላልኩም።

ጠዋት ከቤቴ ወሰዱኝ።

ፖሊሱ ወረቀት አምጥቶ፣ «እትዬ፣ ‹አዳራሹ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ› ብለው ይጻፉና ቤትዎ ይግቡ» አለኝ። በስብሰባው የተባለውን መልሼ ጻፍኩ። ከሰዓት ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ያንኑ ጻፍኩበት።

«ያው የጠዋቱ ነው እኮ!»

«የተባለውም ያው ነዋ።»

ሴትዮዋ ምን እንደሚያጽፉኝ ጠየቀችኝ፤ አነበብኩላት። ወንዙ ላይ ስደርስ ፊቷን አዞረች።

«እህቴ እዚያ ነው ያለፈችው። ውሃው እስኪጎድል ስንጠብቅ።» ወደ ወረቀቱ ጠቁማ፣ «እኔንም ይጻፉኝ» አለች።

«ስብሰባው ላይ አልነበርሽም።»

«ማን ጠርቶኝ!»

ስለ ቃለ ጉባኤ የማውቀው በስብሰባው የተባለው ብቻ እንደሚጻፍ ነው። በማግስቱ ሦስተኛው ወረቀት ሲመጣ ያንኑ ጽፌ፣ ከሥሩ መስመር አሰመርኩና «ከስብሰባው ውጭ፣ በእስር ክፍል የተሰጠ አስተያየት፦ ድልድይ» ብዬ ጨመርኩ። የእስክሪብቶውን ቀለም አውራ ጣቷ ላይ ቀባሁላት፤ አተመች።

ፖሊሱ ቆሞ አነበበው። «አሁን ይሄን ለማን እሰጣለሁ?» አለና አጥፎ ኪሱ ከተተው። አራተኛ ወረቀት አላመጣም። በሦስተኛው ቀን «ይሂዱ» አሉኝ፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም።

አዳራሹ ተሠራ። ዘንድሮ ለበጀት ውይይት የተጠራነው እዚያው ነው። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሌላ ሰው ነው፤ ድልድዩ ደግሞ «በቀጣይ ይታያል» ተብሏል። ሲጨበጨብ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ዞር አልኩ። ያቺ ሴት ከኋላ ተቀምጣለች። ማንም አልጠራትም። እሷም አላጨበጨበችም።