መድኃኒቴ ያለቀበት ወር

ሃሌሉያ! ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ትንሽ ታገሡኝና ልመስክር።

እኔ መካኒሳ አቦ ሹሩባ እሠራ ነበር። ባለቤቴ ታሪኩ የራሱ ባጃጅ ነበረው። ለቡ መብራት ኃይል አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ልጃችንን መባን እያሳደግን ደህና ነበርን። ስለ ጌታ ግን መስማት አልፈልግም ነበር።

ከዚያ ጣቶቼ ማበጥ ጀመሩ። ጠዋት ስነሳ እጄ አይዘረጋም፣ ጉልበቴ አይታጠፍም። ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ሐኪሟ መርምራ፣ «የመገጣጠሚያ ብግነት ነው። መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው፤ እንዳታቋርጪ» አለችኝ።

በምን አቅሜ ነው የማላቋርጠው? ሹሩባው ቆመ። ምርመራው፣ መድኃኒቱ፣ ትራንስፖርቱ ያለንን ሁሉ ጠረገው። ታሪኩ ባጃጁን ሸጦ በሰው ባጃጅ ተቀጠረ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ አማኝ ናቸው። «ልጄ፣ ነይ አብረን እንጸልይ» ሲሉኝ፣ «እግዚአብሔር ካለ መጀመሪያ መድኃኒቴን ይግዛልኝ» አልኳቸው። እሳቸውም ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አንድ ወር ላይ ከቤት ኪራዩና ከመድኃኒቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነብን። ኪራዩን ከፈልን፤ መድኃኒቱ አለቀ። እብጠቱ ብሶ ተመለሰ።

አንድ ጠዋት ታሪኩ በጋዝ ምድጃው ላይ ወተት ጥዶልኝ ወደ ሥራ ወጣ። መባ ወደ አስፋልቱ እንዳትሮጥ ብዬ በሁለት መዳፌ እንደምንም በሩን ቆለፍኩ። ወዲያው ወተቱ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው። ጋዙ እየተንፈሰፈሰ ይወጣል። ማጥፊያውን ላዞር ብል ጣቶቼ እምቢ አሉ። በጥርሴ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ወደ በሩ ሄድኩ፤ ቁልፉም አሁን በመዳፌ አልዞር አለ። መባ አልጋው ላይ ትስላለች፤ «እማዬ፣ ሸተተኝ» ትላለች።

ያን ጊዜ ያ የናቅሁት ስም ከአፌ ወጣ፦ «ኢየሱስ ሆይ፣ እኔን ተወኝ፤ ልጄን አድንልኝ!»

«ምንድን ነው የሚሸተው? ልጄ፣ ክፈቺ!» የእትዬ አልማዝ ድምፅ ነው።

«አልቻልኩም! እጄ እምቢ አለኝ!»

በትከሻቸው ገፉት፣ ደግመው ገፉት፣ በሩ ተገነጠለ። ጋዙን ዘጉ፤ መባን አቅፈው አወጧት። ክብር ለጌታ ይሁን!

ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ መድኃኒቴ ማለቁንም ሁሉንም ነገርኳቸው። «ወደ ገበያ መንገድ ጀምሬ ነበር፤ ቦርሳዬን ረስቼ ተመለስኩ» አሉኝ። ወገኖቼ፣ ማን መለሳቸው? ስሙ ይባረክ! እዚያው ጌታን ተቀበልኩ።

እጄ በዚያው ቀን አልዳነም፤ አልዋሽም። ግን የዚህች ቤተ ክርስቲያን እህቶች ተባብረው መድኃኒቱን ገዙልኝ። እትዬ አልማዝ ወረዳ ድረስ ይዘውኝ ሄደው ጤና መድን አስመዘገቡኝ። ከወራት በኋላ ሐኪሟ እጄን አገላብጣ አይታ፣ «ብግነቱ በጣም ወርዷል! ምን ተገኘ?» አለችኝ።

«ጌታ ሰው ሰጠኝ» አልኳት።

ሳቀች። «እሱንም አመስግኚ፣ መድኃኒትሽንም አታቋርጪ።»

ዛሬም ሁሉ አልሞላም። መድኑ የማይሸፍነውን እንገዛለን፤ ታሪኩም ገና ተቀጣሪ ነው። ግን ያው፣ እዚያ ተቀምጦ አብሯችሁ ያመሰግናል። በቤታችን ልቅሶው ቀርቶ ጸሎት አለ። ሃሌሉያ!

ወገኖቼ፣ ሕመሙ ቤቱን እየበላበት፣ አፍሮ ዝም ያለ ሰው ዛሬ እዚህ ካለ፣ ብቻህን አትሸከመው። ጌታን ጥራው፤ ሳትወጣም አጠገብህ ለተቀመጠው ንገረው። እኔን የሰማ ጌታ አንተንም ይሰማል። አሜን በሉ!