የሸዋአለም ስለትና ሁለቱ ፔዳሎች

ሸዋአለም ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ጂንካ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ ስትመታ የኖረች፣ ሳቋ ሦስት አጥር ተሻግሮ የሚሰማ ሴት ናት። ባሏ ፋንታሁን የድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ስድስት ጎማ የሌለውን ነገር መኪና ብሎ አይጠራም።

በወጣትነታቸው ወደ ቀይ አፈር ገበያ ሲሄዱ ጋቢናው ለሹማምንት ይያዝና የሹፌሩ ሚስት ከኋላ ማሽላ ጆንያ ላይ ትወጣለች። "እስቲ እኔም ልሞክር" ስትለው "መሪ የያዘ ነው የሚያዘው!" ይልና ይስቅባታል። መኪናውም አመለኛ ነበር፤ ካልተገፋ አይነሳም። ገፊዋ ማን ሆነችና! አንድ የክረምት ቀን ስትገፋ ጎማው ተሽከርክሮ ጭቃውን ፊቷ ላይ ለጠፈው። እሷም ከነጭቃዋ ወደ ሰማይ አንጋጠጠች።

"ገብርኤል ሆይ! የራሴን መሪ አስጨብጠኝ! ማንም ሳይገፋኝ ነድቼ መጥቼ በበዓልህ ቀን ጃንጥላ አስገባልሃለሁ!"

ተሳፋሪው ሁሉ ሰማ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ገብርኤል አልቸኮለም። ልጆች ተወለዱ፣ አደጉ፣ ፀጉሯም ሸበተ። ባለፈው ክረምት ግን ልጇ ሀሌሉያ ከሐዋሳ ቀይ የኤሌክትሪክ ሳይክል ጭና ላከችላት። ሸዋአለም እንደ ሕፃን ዘለለች፤ መሪውን ሳመችው፤ መብራቱንም ሳመችው። ፋንታሁን ዙሪያውን እየዞረ አየና "የፀጉር ማድረቂያ ሞተር ነው" ብሎ ገባ።

ልምምዱ አሮጌው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ሆነ። ሀሌሉያ በስልክ ታስተምራለች፤ እናት ትጮሃለች፤ ላሞች ይሸሻሉ።

"እማዬ፣ እጀታውን ቀስ ብለሽ ጠምዝዢው! የፊቱን ፍሬን ብቻውን እንዳትይዢ፣ ይደፋሻል!"

"ተደፍቼማ ጨረስኩ ልጄ! አሁን እየበረርኩ ነው!"

ሳምንት ሳይሞላ ሜዳውን ዳር እስከ ዳር ትከንፍበት ጀመር። አንድ ነገር ብቻ ከነከናት፤ ፔዳሉ። "ፔዳል ካለውማ የልጆች ሳይክል ነው ይሉኛል። ገብርኤልም ያሾፍኩበት ይመስለዋል!" ብላ ወደ ሳይክል ጠጋኙ አሕመድ ወሰደችው።

"እትዬ ሸዋአለም፣ መንገድ ላይ ባትሪ ቢያልቅስ?"

"ሟርት አታውራብኝ! ፍታልኝ!"

ተፈታ። ወደ ቤት ይዛው የመጣችውን ፔዳል ፋንታሁን አንስቶ ዕቃ ቤት ከተተው። ሹፌር ብሎን አይጥልም።

የታኅሣሥ ገብርኤል ደረሰ። ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ስላደረ ሸዋአለም ስንት እንደቀረው እንኳ አላየችም። አዲሱን ጃንጥላ ከኋላ አሰረች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወጣች። የሰፈሩ ሴቶች በእልልታ አጀቧት። ፋንታሁን በዚያ ፀሐይ ኮቱን ደርቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ይከተላል።

ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሳይክሉ አቃሰተ፣ ተንቀራፈፈ፣ ቆመ። እልልታውም አብሮ ቆመ።

"እንግፋት!" አለ አንዱ።

"ማንም እንዳይነካኝ!" ሸዋአለም ጮኸች። "ስለቴን ልታፈርሱብኝ ነው?" እግሯ መሬት ተተክሎ፣ እጇ መሪውን እንደጨበጠ እንባዋ መጣ። ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቃ፣ ደጁ ላይ ስትደርስ! ሴቶቹ ተሳስተው እንዳይነኳት እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄኔ ነው።

ፋንታሁን ሰዉን እየገፈተረ መጣ። ከቀኝ ኪሱ አንድ ፔዳል አወጣ። ከግራ ኪሱ ሌላውን። ከደረት ኪሱ መፍቻ።

ሸዋአለም እንባዋ ደረቀ። "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል?"

ፋንታሁን ተንበርክኮ ማሰር ጀመረ። የግራውን በተቃራኒ ማዞር ረስቶ ደጋግሞ ሳተው።

"ዛሬ ማለዳ... ሜዳው ላይ ስነዳው... ባትሪው ሊያልቅብኝ ሲል ፈርቼ እየረገጥኩ ነው የተመለስኩት" አለ፣ ቀና ሳይል።

"ዛሬ ማለዳ ብቻ?"

"በየማለዳው።"

ዳገቱ በሳቅ ተናጋ። አንዷ ሴት ሳቅ ጥሏት መሬት ተቀመጠች። ሸዋአለም ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ያ ሦስት አጥር የሚሻገረው ሳቋ ነው። ቀሚሷን ሰበሰበችና መርገጥ ጀመረች። ላብ በላብ ሆነች፤ ተንገዳገደች፤ ማንም አልነካትም። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስትደርስ ጃንጥላውን ፈትታ ለካህኑ ሰጠች፤ እልልታው ቀለጠ። ስለቷ ሰመረ።

መመለሻው ቁልቁለት ነው፤ ባትሪ አይጠይቅም። ሸዋአለም ከኋላዋ ያለውን ወንበር መታ መታ አደረገች። ፋንታሁን ሰዉን አየ፣ ጎማውን አየ፣ ወጣ። በሠርጋቸው ቀን እንኳ በአደባባይ አቅፏት የማያውቅ ሰው ወገቧን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

"ፍሬን ያዢ! ሸዋ! ፍሬን!"

"መሪ የያዘ ነው የሚያዘው!" አለችና ፍሬኑን ለቀቀችው።