የግመል አንጎል ይዤ በጨፋ ሳልፍ

ቅዳሜ ንጋት፣ አዲስ አበባ

መናኸሪያ ስደርስ ገና አልነጋም። የያዝኩት እንስራ የሚያህል የአሉሚኒየም ታንክ ነው፤ ውስጡ ፈሳሽ ናይትሮጅን አለ። ብርዱ ለጉድ ነው፤ የገባበትን ሁሉ ባለበት ድንጋይ ያደርገዋል። የሚኒባሱ ረዳት ምን እንደሆነ እንኳን ሳይጠይቅ ከእጄ ነጥቆ ፖርቶ መጋላ ላይ ሰቀለው።

"እንዳይጋደም!" ብዬ ጮህኩ።

"አይጋደምም፣ እኔ አለሁ" አለኝ። እሱ ያለው ግን መኪናው ውስጥ ነው፣ ታንኩ ደግሞ ጣሪያው ላይ።

የማጠናው የግመል አንጎል ነው። ግመል ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምስ ሲጓዝ፣ አንጎሉ ውስጥ የትኛው ሕዋስ የትኛውን ዘረ መል እያሠራ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ድሮ አንጎሉ በጅምላ ተፈጭቶ ነበር የሚታየው። ይህ የሰንበቴን ገበያ ተራራ ላይ ሆኖ እንደማዳመጥ ነው፤ ጫጫታው ይሰማል እንጂ ማን ምን እንደሸጠ አይታወቅም። የእኔ ሥራ እያንዳንዱን ነጋዴ ለብቻው ማነጋገር ነው። ለዚህ ደግሞ አንጎሉ ግመሉ እንደታረደ ወዲያው መቀዝቀዝ፣ ከዚያም ላብራቶሪ እስኪደርስ አንዴም መቅለጥ የለበትም። ከቀለጠ ነጋዴው ሁሉ ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ባለፈው ያመጣሁት ቀልጦብኛል። አማካሪዬ "ይሄ የመጨረሻሽ ነው፤ ካልሆነ ሌላ ርዕስ ፈልጊ" ብለውኛል። አሁን አዲስ አንጎል ላመጣ ወደ ከሚሴ እየሄድኩ ነው፤ የስንት ዓመት ልፋቴ እዚያ ጣሪያ ላይ ባለው ናይትሮጅን ላይ ተንጠልጥሏል።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰንበቴ

የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርደን፣ ሸዋ ሮቢትን አልፈን፣ ሙቀቱ ልብስ ሊያስወልቀን ሲደርስ በመስኮቱ ነጭ ጭስ ቁልቁል ይወርድ ጀመር። "መኪናው ተቃጠለ!" ተባለ። ሰንበቴ ላይ ቆመን ሁላችንም ተጋፍተን ወረድን። እሳት የለም። የእኔ ታንክ ከአንድ ፍራሽ ሥር በጎኑ ተኝቶ ናይትሮጅኑን ያንጠባጥባል። ረዳቱ እኔን ላለማየት ጎማውን ይፈትሻል።

ተናደድኩ፣ ጮህኩ፣ ከዚያም ለታንኩ የሰው ሒሳብ ከፍዬ ጋቢና አስቀመጥኩት። ሹፌሩ የምሩን "ቀበቶ ልሰርለት?" አለኝ። አዎ አልኩት።

አንድ ያልጠረጠርኩት ነገር ነበር። በዚህ አገር ይህን ታንክ የማያውቅ ገበሬ የለም። የማዳቀል ባለሙያው የኮርማ ዘር የሚያዞርበት ታንክ ከእኔው ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ ከመንገዱ ዳር ሰው ተሰበሰበ።

"አዳቃይዋ መጣች! ኮቱ፣ ኑ!"

"የፈረንጁ ኮርማ ነው የቦረናው?"

"አባት፣ እኔ አዳቃይ አይደለሁም።"

"እንግዲያ የኮርማውን ታንክ ምን አባሽ ይዘሽ ትዞሪያለሽ?" አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

እሑድ ንጋት፣ ከሚሴ

አስቀድሜ ያነጋገርኩት ሥጋ ሻጭ፣ ሰይድ፣ ከባቲ የመጣውን ግመል ቢስሚላህ ብሎ አረደ። ሥጋ ሊገዛ የቆመው ሰው እያየኝ ሰይድ የግመሉን ጭንቅላት በመጥረቢያ ከፈተልኝ፤ እኔም አንጎሉን ቆራርጬ፣ በትንንሽ ቱቦዎች ከትቼ ታንኩ ውስጥ ጨመርኩ። ሥራው አማረ። ከዚያ የናይትሮጅኑን መጠን ለመለካት ዘንግ ሰደድኩ። የቀረው ከሥሩ ጥቂት ነው፤ እስከ ማታ አይቆይም።

ናይትሮጅን ፍለጋ የሄድኩበት የእንስሳት ጽሕፈት ቤት እሑድ ስለሆነ ዝግ ነው። በሩ ላይ ግን አንድ ጥቁር ጃኬት የደረበ ገበሬ ተቀምጧል። ታንኩን ሲያይ ብድግ አለ።

"አልሃምዱሊላህ! መጣሽልኝ ዶክተሬ! ላሜ ከትናንት ጀምራ ኮርማ እየጠየቀች ነው። ባለፈውም አምልጦኛል፣ የዛሬው ካመለጠኝ ወላሂ ዓመቱን ሙሉ ወተት የለም።"

አያ ኡመር ይባላል። ዶክተር አለመሆኔን፣ ኮርማም አለመያዜን ነገርኩት። የያዝኩትን ስነግረው ታንኩን ዙሪያውን ዞሮ አየው።

"የግመል ጭንቅላት" አለ።

"አዎ።"

"እንዳይቀልጥ።"

"አዎ።"

"አብሽሪ። የሁለታችንም መድኃኒት ከድር ነው፤ አዳቃዩ። ናይትሮጅኑም ኮርማውም እሱ ጋ ነው።" ባጃጅ ጠራ።

እሑድ ረፋድ፣ ጨፋ

የቦርከናን ወንዝ እያየን ወደ ጨፋ ሜዳ ወረድን። ማሽላው ከባጃጁ ይረዝማል። አያ ኡመር ታንኩን እንደ ሕፃን አቅፎ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር "ያ ረቢ" ይላል።

ከድርን አንድ ዋርካ ሥር አገኘነው፤ ግን አልተገኘም ማለት ይቀላል። ለከብቱ ዱአ እየተደረገ ነው፤ እሱም መሐል ተቀምጧል። ዱአ ሳያልቅ ሰው አይነሳም። እኔ ከሴቶቹ ጎን ተቀምጬ ከታንኩ አፍ የምትወጣውን እንፋሎት አያለሁ፤ እየሳሳች ነው። ዱአውን የሚመሩት ሸህ "ሐጃ ያለው፣ ጉዳይ ያለው ይናገር" አሉ። አንዱ ስለ ልጁ ትዳር፣ አንዷ ስለ ጉልበቷ ተናገሩ። አያ ኡመር ተነሣ።

"የእኔ ሐጃ ላሜ ናት፣ ሸሆቼ። የዚች እንግዳ ደግሞ የግመል ጭንቅላት ነው። ታንኩ ውስጥ አለ። እንዳይቀልጥባት ነው።"

ሰው ሁሉ ወደ ታንኩ ዞረ። ሸሁ ግን በየሳምንቱ የሚመጣላቸው ጉዳይ ይመስል ጥምጥማቸውን አስተካክለው እጃቸውን ዘረጉ።

"ያ ረቢ! የግመሉን ጭንቅላት በብርዱ አጽናው!"

"አሚን!"

"የኡመርን ላም ማኅፀን አለምልመው!"

"አሚን!"

"ሁለቱን አታምታታብን!"

"አሚን!" ይሄኛው ከሁሉም በላይ ጮኸ።

ሳቄን ለመዋጥ አንገቴን ደፋሁ፤ ቀና ስል እንባዬ መጥቷል። በጥናቴ ሰው ሲቀልድ እንጂ እንዲህ ከልቡ ሲለምንልኝ ሰምቼ አላውቅም።

ዱአው ሲያበቃ ከድር የእኔን ታንክ ከፍቶ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

"እቀዳልሻለሁ፤ የእኔው ትናንት ነው የተሞላው። ግን መጀመሪያ ላሚቱ፤ ሰዓቷ ሊያልፍ ነው። ጭራዋን የሚይዝልኝ እፈልጋለሁ።"

"አያ ኡመርስ?"

"እኔ ቀንዷን ነኝ" አለ አያ ኡመር።

ሕዝቡ ተከትሎን ቅርብ ወዳለው የአያ ኡመር ደጅ ሄድን፤ ጭራዋን ያዝኩ። ላሚቱ ደስ አላላትም፤ ደስ አለማለቷንም ጫማዬ ላይ ገለጸች። ከዚያ ከድር ከታንኩ ወደ ታንኬ ናይትሮጅን ሲቀዳ እንፋሎቱ ሁላችንንም ዋጠን፤ ሕዝቡም በአንድ ድምፅ "ማሻአላህ" አለ።

ሰኞ ማታ፣ አዲስ አበባ

ታንኩ ጋቢና ተቀምጦ፣ ቀበቶውን አስሮ ተመለሰ። ላብራቶሪ ስከፍተው ቱቦዎቹ ድንጋይ ናቸው። አንዲት ጠብታ አልቀለጠችም። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን "አሚን" አልኩ።

ከወራት በኋላ

ውጤቱ ኮምፒዩተሬ ላይ የወጣ ሰሞን ስልኬ ጮኸ። ስክሪኑ በባለቀለም ነጠብጣብ ተሞልቷል፤ እያንዳንዷ ነጠብጣብ አንዲት ሕዋስ ናት፣ ሁሉም የየራሳቸውን ያወራሉ።

"ዶክተሬ!" አለ አያ ኡመር። "የእኔይቱ ወለደች! ያንቺስ?"

"የእኔም ወለደ፣ አያ ኡመር።"

"አልሃምዱሊላህ! ወንድ ነው ሴት?"

ነጠብጣቦቹን አየሁ። "ብዙ ናቸው" አልኩት። "በሺህ የሚቆጠሩ።"

ስልኩን ሳይዘጋ ወደ ደጅ ሲጮህ ሰማሁት።

"ኧረ ሸሆቹን ጥሩልኝ! ዱአው በዝቶባታል!"