የተቀባው መሰላል

ጋሽ ሚሊ ይሏቸዋል፤ አንዲት ሚሊሜትር የማይምሩ አናጢ ናቸውና። አርባ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ወርክሾፕ ሲሠሩ፣ አንድ ቃል ከአፋቸው ከወጣ መጋዙ ሳይቀር ዝም የሚል ይመስላል፦ ሸፍጥ።

ለዋሸ ሰው ሁሉ አይሉትም። «ውሸታምማ አፉ ነው የከዳው፤ ይመከራል» ይላሉ። ሸፍጥ የሚሉት፣ ጉድለቱን እያወቁ ዕቃውን አሳምሮ፣ ለሚያምን ሰው ማስረከብን ነው፤ ስንጥቁን በሰጋቱራና በኮላ ደፍኖ፣ ላዩን ቀብቶ፣ «ይመችህ» ብሎ መሸኘትን። መሰላል ቀለም የማይቀቡትም ለዚሁ ነበር፤ የሚወጣበት ሰው እንጨቱን እንዳለ እንዲያየው።

ሰሞኑን ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ለባለቤታቸው እንኳ አልተነፈሱም፤ ይህ ከታወቀ ማን ሥራ ያመጣላቸዋል? ትናንት መዶሻው ስቶ ለአንዲት ቀለም ቀቢ የሠሩትን መሰላል ቋሚ ሰነጠቀው። ለዛሬ ቀጠሮ ሰጥተዋል፤ ሌላ ደረቅ እንጨት የለም። ደፈኑት። ሰማያዊ ቀቡት።

ጠዋት ቀለም ቀቢዋ መጣች።

«ውይ ጋሽዬ! ከመቼ ወዲህ ነው መሰላል የሚቀቡት? ሥራዬን ሊቀሙኝ ነው እንዴ?»

«ላንቺ እንዲያምርብሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ተሸክማው ሄደች። «ልጄ» ያሉት ቃል ግን አላስቀምጥ አላቸው። ቁጭ አሉ፤ ተነሡ፤ መላጊያውን አነሡ፤ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ ሽርጣቸውን ሳይፈቱ፣ መሮ አንሥተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው መንገዱን ተሻግረው ሮጡ!

እሷ ከምትሠራበት አዲስ ሕንፃ መግቢያ ሲደርሱ፣ መሰላሉ ጫፍ ላይ ሆና ጣሪያውን ትቀባለች።

«ውረጂ!»

«ምነው፣ ቀለሙ አልደረቀም?»

«ስሞትልሽ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ!»

ወረደች። በመሮው ሰማያዊውን ፋቁት። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ብቅ አለ። አንዲት ልጅ፣ ከነሳቋ፣ ከነሕልሟ፣ በዚህች ክር ላይ ቆማ ነበር!

«ይሄ ሸፍጥ ነው» አሉ።

«የማን?»

«የእኔ።» እጃቸውን ዘረጉላት፤ ይንቀጠቀጣል። «ይሄን ለመደበቅ ብዬ።»

እጃቸውን አየች፤ ስንጥቁን አየች፤ ቀና ብላ ቆማበት የነበረውን ከፍታ አየች። ሳቋ ከፊቷ ጠፍቷል።

«ሌላ ይሠሩልኛል» አለች። «ግን የሚሠሩት እኔ ወርክሾፑ ውስጥ ቁጭ ብዬ እያየሁ ነው።»

በአርባ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያላቸው ሰው የለም። አመማቸው፤ ደግሞም ትከሻቸው ቀለል አለ።

«ደግ አልሽ» አሉና የመሰላሉን አንድ ጫፍ አነሡ። ሌላውን እሷ ያዘችላቸው።