የልምምድ ቢሮአችን እውነተኛ ባለጉዳይ

የሕግ ተማሪን ለመንግሥት ሥራ አዘጋጃለሁ እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን እንዳታለልኩ የገባኝ፣ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሥራ በያዘ በሳምንቱ ደውሎ “መምህር፣ ሰው ሲመጣ ምንድን ነው የሚባለው?” ብሎ የጠየቀኝ ቀን ነው። ልጁ አንቀጽ ከነቁጥሩ የሚዘረግፍ ጎበዝ ነበር። ፊቱ የቆመ ባለጉዳይ ግን በየትኛውም መጽሐፍ አላጋጠመውም። እኔም “እስቲ መጀመሪያ ወንበር ስጣቸው” አልኩት።

በዚያው ዓመት ክፍሌ ውስጥ የውሸት መሥሪያ ቤት ከፈትኩ። የምናስተምረው መቐለ ውስጥ፣ ከእንዳ ኢየሱስ ወደ ከተማው ሲወረድ በሚገኝ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ላይ ነው። ላይኛው ክፍል የእኛ ነው። ምድር ቤቱን የያዘው የአንድ ፌደራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ነው፤ ስሙን ባልጠራው ይሻላል፣ እስከ ዛሬ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ከክፍላችን ጎን የጠመኔና የወረቀት ማስቀመጫ የሆነች ጠባብ ክፍል አለች፤ በመሐል ግድግዳው ላይ ትንሽ መስኮት አላት። መስኮቷን ሳያት ወዲያው ቢሮ መሰለችኝ። ከወዲያ ጠረጴዛና የመዝገብ ደብተር አስቀመጥኩ፣ ከወዲህ አግዳሚ ወንበር። ግማሾቹ ተማሪዎች ሹማምንት፣ ግማሾቹ ባለጉዳዮች ይሆናሉ፤ በየሳምንቱ ይለዋወጣሉ። ለባለጉዳዮቹ ጉዳያቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ አድላለሁ። አንዱ ካርታው የጠፋበት፣ አንዷ የጎረቤት አጥር የገፋባት፣ አንዱ ምን እንደሚፈልግ ራሱም የማያውቅ። እርስ በርሳቸው በትግርኛ ሲፎጋገሩ ቆይተው መስኮቱ ጋ ሲደርሱ፣ ፌደራል መሥሪያ ቤት ለመግባት የሚዘጋጁ ናቸውና፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው በአማርኛ “ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ” ማለት ይጀምራሉ።

ሕጌ አንድ ብቻ ነበር፤ በትልቁ ጽፌ መስኮቱ አናት ላይ ለጠፍኩት። በዚህ መስኮት የመጣ ሰው ሁሉ ጉዳዩ ይመዘገባል፣ በዕለቱም የጽሑፍ መልስ ይዞ ይሄዳል።

ማኅተም ያስፈልገናል ብለው ወጠሩኝ። የእጅ ሥራ የሚያውቅ አንድ የዓይደር ሰፈር ልጅ ከአሮጌ ሸበጥ ሶል ላይ ክብ ማኅተም ቀርጾ አመጣ። ዙሪያውን “ለልምምድ ብቻ የሚያገለግል” ይላል። መሐሉ ላይ ንስር ለመቅረጽ ሞክሮ ዶሮ ሆናበታለች። ሐምራዊ ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ ሲያሳርፏት ግን፣ ከሩቅ ላየ ሰው፣ እውነቴን ነው፣ ታስፈራለች።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያላስተማርኳቸውን ሁሉ ቻሉት። አንድ ቀን ስገባ መስኮቱ ተዘግቶ “ስብሰባ ላይ ነን” የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። አንዱ፣ ባለጉዳይ የሆነውን የራሱን የመኝታ ክፍል ጓደኛ፣ ማንነቱን የሚያረጋግጥ መታወቂያ ከነኮፒው እንዲያመጣ አዘዘው። ሌላው “ኃላፊው ፊልድ ወጥተዋል” ይላል፤ ኃላፊው ከኋላው ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል። የት ተማራችሁት ብላቸው በአንድ ድምፅ ሳቁብኝ። ሁሉም ዕድሜውን ሙሉ ሲመላለስ የኖረ ባለጉዳይ ነው ለካ፤ ሥልጠናውን ከእኔ ቀድሞ ጨርሷል።

ከዚህ ሁሉ የተለየች አንዲት ልጅ ነበረች፤ የቁሓ ልጅ፣ የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ። ዐቃቤ ሕግ ለመሆን ቆርጣ የተነሳች፣ ቀልድ የማይገባት፣ የደብተሯ መስመር በማስመሪያ የተሰመረ። አንድ ቀን ላጫውታት ብዬ “ፍየሌ ጠፍታብኝ” እያልኩ ሰልፉን ጥሼ መስኮቱ ጋ ተደቀንኩ። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ “ሰልፍ ይያዙ መምህር” አለችኝ። ተማሪዎቹ በሳቅ ሞቱ። ከዚያ በኋላ “ክብርት ሚኒስትር” እያልኩ እነካካት ነበር፤ አንድ ቀን ፈገግ አላለችም። የግምገማ ቅጿ ላይ “ጎበዝ ናት፣ ግን ደረቅ” ብዬ ጻፍኩ።

ሕንፃችንን፣ ላዩንም ታቹንም፣ የሚያጸዱት ተማሪዎቹ “አደይ”፣ እናቴ፣ የሚሏቸው ሴት ናቸው። እኔም አደይ ነው የምላቸው። የተቀጠሩት በታችኛው መሥሪያ ቤት በኮንትራት ነው፤ ኮንትራቱ በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፣ ሐምሌ ላይ ይታደሳል። በዚያ ዓመት ግን ጽዳቱ ለኤጀንሲ ሊሰጥ ነው፣ የኮንትራት ሠራተኛ አይታደስለትም የሚል ወሬ ተናፈሰ። አደይ ቋሚ ሠራተኛ እንዲሆኑ በተደጋጋሚ አመልክተው ነበር። እሺ ያላቸው የለም፣ እምቢ ያላቸውም የለም። ማመልከቻው ይወሰዳል፣ “እናያለን” ይባላል፣ በቃ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ቤታቸው የሚቆመው በዚሁ ሥራ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ሰኔ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነበር።

አንድ ሐሙስ እኔ ማኪያቶ ልጠጣ ወጣ ባልኩበት አደይ መወልወያቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሙ። ተማሪዎቹ መምህር የላካቸው ተዋናይ ናቸው ብለው በጣም ተደሰቱ። ተራቸው ሲደርስ ከጉያቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው በመስኮቱ አሳለፉ።

“ጓለይ፣ ልጄ፣ እዚህ መልስ ይሰጣል ብሎ ተጽፏል። እውነት ነው?” አሉ።

የቁሓዋ ልጅ ወረቀቱን አነበበችው። ከእኔ ብጣሽ ወረቀቶች አንዱ እንዳልሆነ ወዲያው ገባት። ከኋላዋ ያሉት አሁንም ይስቃሉ። እሷ ወደ ላይ፣ ወደ ለጠፍኩት ሕግ፣ አንዴ ቀና ብላ አየችና “እውነት ነው አደይ፣ ይቀመጡ” አለቻቸው። ከዚያም መዝገቡ ላይ ቁጥር ሰጥታ ጻፈችላቸው።

የጻፈችውን ደብዳቤ በኋላ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ አንድም እንከን አይወጣለትም። የአደይን ጥያቄ ለመወሰን ሥልጣን የለንም ይላል። ማመልከቻው የቀረበለት መሥሪያ ቤት ግን በምክንያት የተደገፈ የጽሑፍ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት፣ ስለሆነም ይኸው መልስ እንዲሰጣቸው እናሳስባለን ይላል። ራስጌው ላይ ልጆቹ ለቢሮአችን ያወጡለት የጽሕፈት ቤት ስም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ አደይ የሰጧት የቀድሞ ማመልከቻዎቻቸው ኮፒ ከኋላው ተያይዞበታል፣ ከግርጌው “ግልባጭ፦ ለሚመለከታቸው ሁሉ” አለው። ዶሮዋም አለች። አደይ ደብዳቤውን ይዘው ደረጃውን ወርደው ለታችኛው መዝገብ ቤት ሰጡ።

ልጅቷ አልደበቀችኝም። የሳምንቱ ሪፖርት ላይ “ከውጭ የመጡ አንዲት ባለጉዳይ ተስተናግደዋል፣ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ተጽፏል” ብላ ጽፋልኛለች። እኔም ሪፖርቱን እንደወትሮዬ ሳላነበው ፈርሜበታለሁ።

በሌላው ሳምንት ማክሰኞ የታችኛው ኃላፊ ጸሐፊ ወደ ላይ ወጥታ “ይፈልጉዎታል፣ ፊታቸው ደግሞ ጥሩ አይደለም” አለችኝ። ልጅቷ ነገሩ ገብቷት ኖሮ ሳልጠራት ተከተለችኝ። ተመለሽ ብላት “የጻፍኩት እኔ ነኝ” አለች። አደይ ኮሪደሩ ላይ ባልዲያቸውን ይዘው ቆመው ነበር፤ ስናልፍ ቀና ብለው አላዩንም።

ኃላፊው ሙሉ ሰውነት ያላቸው፣ ረጋ ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሰው ናቸው። ደብዳቤው ፊታቸው ተዘርግቷል። ኅዳጉ በእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲመራ ሰንብቷል።

“መምህር፣ ይህ ጽሕፈት ቤት የማን ነው? ሰዎቼ ከላይ የመጣ ነው ብለው ሲራወጡ ሰነበቱ። አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ደውዬ ብጠይቅ እንዲህ የሚባል አናውቅም አሉኝ።”

ከላይ መምጣቱስ ከላይ ነው፤ ከአሥራ ምናምን ደረጃ በላይ። ያን ጊዜ ግን ለመሳቅ አቅም አልነበረኝም። የሌለ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የሌለ መሥሪያ ቤት ማኅተም፣ የጻፈችው ደግሞ ከወር በኋላ ለዐቃቤ ሕግነት የምትፈተን ልጅ። አደይን ደግሞ ሰኔ እስኪያልቅ እንኳ ላይጠብቋቸው ይችላሉ። ስለ ተግባራዊ ትምህርት ዘዴ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ጀመርኩ፤ የት እንደሚያልቅ ግን አላውቀውም ነበር።

“ማኅተሙን ያንብቡት፣ ይቅርታ” አለች ልጅቷ አቋርጣኝ።

ኃላፊው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ወረቀቱን ዞር፣ ዞር እያደረጉ ክቡን ተከትለው አነበቡ። “ለልምምድ… ብቻ… የሚያገለግል።” ጣታቸውን መሐሉ ላይ አሳረፉ። “ይቺስ ምንድን ናት?”

“ንስር ናት” አልኩ።

“ዶሮ ናት” አለች ልጅቷ።

ኃላፊው አልሳቁም፤ ኅዳጉን ማንበብ ጀመሩ። የሰው ሀብት ክፍሉ “ለሕግ ክፍል ይመራ” ብሏል። ሕግ ክፍል “አግባብነት ያለው ስለሆነ ለኃላፊ ይቅረብ” ብሎ አጽድቆታል። ከሁሉም በላይ፣ በሰፊው፣ “በአስቸኳይ ታይቶ መልስ ይሰጥ” የሚል የራሳቸው የኃላፊው ጽሑፍ አለ፤ ፊርማቸው ዶሮዋን ግማሽ ጭራዋን ሸፍኗታል። ይህን ወረቀት ለፖሊስ ቢሰጡት ማን ምን ሳያነብ እንደፈረመ አብሮ መሄዱ ነው። ሐሳቡ ፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ሲያልፍ አየሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ።

ተነስተው በሩን ዘጉ።

“የተጻፈው ነገር ግን… ሕጉ እንዲህ ይላል?” አሉ ወደ ልጅቷ ዞረው።

“ይላል።”

“ሴትዮዋ ከዚህ በፊት አመልክተዋል?”

“አራት ጊዜ። ኮፒዎቹ ከኋላ አሉ። አንዱም ላይ ገቢ ቁጥር የለም።”

ኮፒዎቹን አንድ በአንድ ገለበጧቸው። “አንድም ቀን አልደረሰኝም እኮ” አሉ፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስላሉ። ከዚያ ስልክ አንስተው የሰው ሀብት ክፍሉን ጠሩ፤ እኛንም አሰናበቱን። ስለ ማኅተሙ ከዚያ ወዲያ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ሰኔ ከማለቁ ሦስት ቀን በፊት አደይ ቋሚ ሆኑ። የቅጥር ደብዳቤያቸውን ይዘው ወደ ላይ ወጡና በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ተማሪዎቹ እልል አሉላቸው። የቁሓዋ ልጅ መዝገቡን ገልጣ ከቁጥራቸው አንጻር “መልስ አግኝተዋል” ብላ ጻፈች፣ ቀኑንም ጻፈች። ፈገግ ስትል ያየኋት ያን ቀን ነው። እኔ ግምገማዋን ቀድጄ ሌላ ጻፍኩላት።

ክረምቱን ሙሉ ታሪኩን በየሄድኩበት አወራሁት። በእኔ አተራረክ ጀግናው እየቆየ እየቆየ እኔ ሆንኩ። ሕጉን መስኮቱ ላይ የለጠፈ ማን ሆነና። ኃላፊውንም፣ ሰው ሀብቱንም፣ ሕግ ክፍሉንም በድምፃቸው እያስመሰልኩ ሰው አስቄአለሁ።

መስከረም ላይ አንድ ጠዋት አደይን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። አዲስ የሥራ ልብስ ለብሰዋል። ሰላምታችንን ከጨረስን በኋላ ቅር ያሰኘኝን ነገር አነሳሁ።

“አደይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በየቀኑ እንገናኛለን፣ ሕግ አስተማሪ መሆኔንም ያውቃሉ። እኔ እያለሁ ልጆቹ ጋ ለምን ሄዱ? ለምን መጀመሪያ ለእኔ አልነገሩኝም?”

ግራ እንደመጋባት ብለው አዩኝ።

“ነግሬዎት ነበር እኮ መምህር። ካቻምና፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል። ወረቀቱንም ሰጥቼዎታለሁ።”

“ለእኔ?”

“ለእርስዎ። ከዚህ ከቢሮዎ በር ላይ። ‘እሺ አደይ፣ አየዋለሁ’ አሉኝ። ከዚያ ደግሜ ብጠይቅ አስቸግርዎታለሁ ብዬ ፈራሁ። ሥራ ይበዛብዎታል፤ ሓቂ ነው፣ እውነቴን ነው፣ አልተቀየምኩም።” ባልዲያቸውን አንስተው ወደ ደረጃው ሄዱ።

ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁት። መሳቢያዎቹን ፈተሽኩ፣ የለም። ከመጽሐፍ መደርደሪያው ሥር፣ ከካቻምናው የፈተና ወረቀት ክምር መሐል፣ በፌስታል የተጠቀለለ አንድ ወረቀት አገኘሁ። የአደይ ማመልከቻ ነው፤ አራት ቦታ ታጥፏል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ስዘረጋው ቀኝ ኅዳጉ ላይ “ይታይ” ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ፊርማዬ አለ። ለማን እንደመራሁት አልጻፍኩም። በዚያ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ከእኔ ሌላ የሚሠራ ሰው የለም።