አቴናን የነጠቀችኝ እናቴ

ልጅ እያለሁ የጥንት ግሪኮችን አማልክት ከገዛ አጎቶቼ አብልጬ አውቅ ነበር። በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ አሜሪካ፣ ሲያትል ገና መምጣታችን ነበር፣ እኔም ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር ስድስተኛ ክፍል ገብቻለሁ። እንግሊዝኛዬ ስለሚንተባተብ የታሪክ መጽሐፉን በሥዕሉ ጀምሬ በጽሑፉ ጨረስኩት። የዚያ ያረጀ ወረቀት ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ከሁሉም አቴናን ወደድኳት፤ የጥበብም የጦርነትም አምላክ፣ የራስ ቁር የደፋች፣ ማንንም የማትለማመጥ።

በጸደይ ክፍላችን "የግሪክ ቀን" ሊያከብር ሆነ። የመምህርቷን ጥያቄዎች አብልጦ የመለሰ፣ የሚሆነውን አምላክ ቀድሞ ይመርጣል ተባለ። አሸነፍኩ፤ አቴና ሆንኩ! እየበረርኩ ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ፊቷ ጠቆረ።

"በስመ አብ! ማተብ ያሰርኩልሽ ልጅ ጣዖት ልትሆኚ? ያውም በዐቢይ ጾም!"

በማግስቱ ትምህርት ቤት መጣች። አስተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ፤ አቴናን በገዛ አፌ አስነጠቅኩ። መምህርቷ ትንሽ አሰብ አደረገችና ፈገግ ብላ፣ "እንግዲያው ባሪያ ትሁን፤ ግሪኮች ባሪያዎችም ነበሯቸው" አለች። ግሪኮች ገጣሚ አልነበራቸውም? ሐኪምስ? ሯጭስ? ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ለእኔ የተረፈኝ ባሪያ ብቻ ነው? እያንገበገበኝ ተረጎምኩት። እናቴ ከወንበሯ ብድግ አለች።

"ልጄ ጣዖትም አትሆን፣ ባሪያም አትሆን በያት!"

አልኩላት። ኮራሁባት፤ ግን ተናድጄባትም ነበር።

ለበዓሉ ወላጆች ዳቦ፣ የወይን ዘለላና የወይራ ፍሬ እንዲያመጡ ተጠየቁ። እናቴ ሁሉም የጾም መሆኑ ደስ ብሏት፣ ወይራውን ተሸክማ መጣች። እና ባሪያ አትሆንም ተብዬ የተከበርኩት እኔ፣ ከእሷ ጋር ጠረጴዛ ኋላ ቆሜ በአንሶላ ለተጠቀለሉ አማልክት ወይራ ሳድል ዋልኩ! በእኔ ፋንታ አቴና የሆነችው ልጅ የካርቶን የራስ ቁሯን በብብቷ ሸጉጣ መጣችና "እኔ የምን አምላክ ነኝ?" ብላ ጠየቀችኝ። የምትበላውን ወይራ ለአቴንስ ሰዎች የሰጠቻቸው አቴና እንደሆነች ነገርኳት። ትከሻዋን ነቅንቃ ፍሬውን ቱፍ አለችው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ታናሽ እህቴ፣ እዚሁ ተወልዳ በአማርኛ ሲያወሯት በእንግሊዝኛ የምትመልሰው፣ በዚያው ትምህርት ቤት አቴና ሆና ተመረጠች። ቤት ስገባ ምን ባይ ጥሩ ነው? እናቴ ወለሉ ላይ ተንበርክካ እህቴ የለበሰችውን የአቴናን ቀሚስ ጠርዝ ትሰፋለች!

"ምነው፣ ጣዖት አይደለችም እንዴ?" አልኩ በንዴት።

"ፕሌይ እኮ ነው።"

"የኔስ ምን ነበር?"

እናቴ መርፌዋን ያዝ አደረገች።

"ያኔ ገና መምጣቴ ነበር፤ ሁሉን ነገር እፈራ ነበር። ፈረንጆቹ ከእኔ የሚወስዱሽ መስሎኝ ነው፣ የኔ ልጅ።"

መምህርቷን ዛሬም ይቅር አላልኳትም። የእናቴ ነገር ግን አንጀቴን በላው። ያኔ እኔ የእሷ ምላስ ነበርኩ፤ እህቴ ልጅ መሆን ብቻ ይበቃታል። ይህም ያናድደኛል፣ ግን በማን ላይ ልናደድ? አጠገቧ ተንበርክኬ የቀሚሱን ሌላ ጫፍ ያዝኩላት። ከላያችን የቆመችው አቴና ሰዓቷን አየችና "ሃሪ አፕ!" አለችን።