በሩዝ ሸራ ላይ የተሰጣ ውሃ

በታኅሣሥ አንድ ማለዳ ከባሕር ዳር ተነሣሁ። ባንድ እጄ ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ ውስጥ የሚርመሰመሱ የዓሣ ጫጩቶች፣ በሌላው የአልትራቫዮሌት መብራት ይዣለሁ። ወረታ የምትኖረው አክስቴ የሺ ባለፈው ያስመጣቻቸው ዓሦች በቧንቧው ውሃ ክሎሪን አልቀውባታል፤ እነዚህም ከሞቱ የዓሣ ገንዳዬን አፈር እሞላዋለሁ ብላለች። የመብራቱ ጨረር ክሎሪኑን ከውሃው ያጠፋዋል።

የሚኒባሱ ረዳት ላስቲኩን አየና «የእነዚህስ ሂሳብ?» አለኝ።

«አቅፌያቸው እኮ ነው!»

«ይሁን። ወንበር ከያዙ ግን ይከፍላሉ።»

የጉማራን ወንዝ ስንሻገር የፎገራ ሜዳ ተዘረጋ። ሩዙ ታጭዷል፤ ከብቱ ቃርሚያው ላይ ተሰማርቷል።

ወረታ፣ ሦስት ሰዓት

ከመገንጠያው በባጃጅ አክስቴ ቤት ደረስኩ። መብራት ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ያመጣሁት የጨረር መብራት አይሠራም።

«ግድ የለም፣ ክሎሪኑ እንዲተን ውሃው ሁለት ቀን አርፏል» አለች አክስቴ፤ ጥላ ሥር ያኖረችውን በርሜል ከፈተችልኝ። ክዳኑ በጨርቅ ታስሮ ነበር። የበረኪና ሽታ አፍንጫዬን መታው።

«አክስቴ፣ ክሎሪኑን አፍነሽ አቆየሽው እኮ!»

«ታዲያ ውሃ ሳይከደን ይታደራል? አቧራው፣ ድመቱ!»

ጎረቤቷ ሐጂ ሰይድ፣ ሩዝ ነጋዴው፣ ከአጥሩ ማዶ ይሰሙናል። «የሺ፣ መብራት ከፈለግሽ ያውልሽ» አሉ ወደ ፀሐይ እየጠቆሙ። «እኔ ለውዱእ ልታጠብበት ደጅ የማውለው ውሃ ሽታው ይጠፋል።»

እውነታቸውን ነው፤ ያው ጨረር ፀሐይም ውስጥ አለ። ግን ውሃው ከጣት ውፍረት ሳይበልጥ መዘርጋት አለበት። በምን ላይ? ሐጂ ወደ ግቢያቸው ዞረው አዩ። ሸራቸው ላይ ሩዝ ተሰጥቷል፤ ነገ ገዢ ይመጣበታል።

«አንሡት» አሉ።

«ኧረ ሐጂ፣ ሩዝዎ ገና እርጥብ ነው!»

«እርጥብ ሩዝ አይሞትም፣ የሺ።»

ሩዙን በጆንያ ሞልተን ዙሪያውን ደረደርነው፤ የሸራውን ጠርዝ በጆንያዎቹ ላይ አንሥተን ውሃውን ሰጣነው። ስምንት ሰዓት ላይ ሽታው አልነበረም። ገንዳ ውስጥ ጨምረን እስኪበርድ ጠበቅንና አክስቴ አንዷን ጫጩት ለሙከራ ለቀቀች። ዓሣዋ በጎኗ ዘንበል አለች፤ ቀና አለች፤ ከዚያ የገንዳውን ጥግ ይዛ መዞር ጀመረች።

«ልቀቂያቸው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!» አሉ ሐጂ።

ባሕር ዳር

አመሻሽ ላይ ቤቴ ገባሁ። ጨረር ክሎሪንን እንደሚያጠፋ አውቄ ነበር የሄድኩት፤ ጨረሩ ውሃው ላይ እንዲያርፍ ሩዙን የሚያነሣ ሰው እንደሚያስፈልግ የተማርኩት ግን እዚያ ነው።

በማግሥቱ አክስቴ ደወለች። «ሁሉም አሉ! ፉርሽካ እየበሉ ነው።»

«የሐጂ ሩዝስ?»

«አልደረቀም፤ ገዢውም አልጠበቃቸውም፤ ሌላ ዘንድ ሄደ። እሳቸው እንደሁ ከማለዳ ጀምረው ገንዳው ላይ ናቸው። ‹አበዛሽባቸው› እያሉ ፉርሽካውን ከእጄ ይቀሙኛል።»